ለሩቅ መንገድ የሚወጣ፦ የሞተር መቀመጫ አንድምታ

ንባብ፦ ለሩቅ መንገድ የሚወጣ፥ ከሁሉ አስቀድሞ መቀመጫውን ያብጅ።

ይህ ንባብ ከመጽሐፍ የተገኘ አይደለም፤ በሞተር ሳይክል አገር አቋርጠው የሚሄዱ ሰዎች በየቋንቋቸው ደጋግመው የሚሉትን አሳጥረን ያቆምነው ነው። የምንፈታው ግን በአባቶች መንገድ ነው። የትርጓሜ መምህራን አንዱን ንባብ ይዘው አንድም እያሉ ሲያወርዱ፥ የላይ ቤት የተባለው ወገን ያለውን የታች ቤት የተባለው ሳያፈርሰው፥ የኋለኛው ፍቺ የፊተኛውን ሳይሽረው፥ ሁሉም በየማዕርጉ ተቀምጦ ይኖራል። የመጻሕፍቱን ክብር ለብረትና ለስፖንጅ ማልበስ አይገባም፤ ትዕግሥታቸውን መማር ግን ይገባል። በአንድ ነገር ላይ ቆይቶ አገላብጦ ማየትን የሚያስተምር ከዚህ የበለጠ ሥርዓት አላውቅምና።

ለሩቅ መንገድ አለ። ምነው ለመንገድ ብሎ አይተወውም ቢሉ፥ የቅርብ መንገድ መቀመጫን አይመረምርምና ነው። ከቤቱ እስከ ሥራው ግማሽ ሰዓት ለሚሄድ ሰው የትኛውም መቀመጫ ይበቃዋል፤ ሰውነቱ ሳይከፋው ይደርሳል። ሩቅ መንገድ ግን ሰዓትን በሰዓት ላይ እየደረበ፥ በመጀመሪያው ሰዓት ያልታወቀውን በሦስተኛው ያስታውቃል፥ በስድስተኛው ይፈርድበታል። በአሜሪካ አይረን በት የሚባል የረጅም መንገድ ሞተረኞች ማኅበር አለ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 1,000 ማይል፥ ማለትም 1,609 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ለዚህ ጉዞ ያወጡለት ስም ሳድልሶር ነው፤ በኮርቻ ቁስል መሰየማቸው ነው። ከድካምና ከእንቅልፍ ይልቅ ይህን ለስም የመረጡት የመንገዱን ፈታኝ በገላቸው ስላወቁት ነው።

አንድም ሩቅ ማለት ጠባዩ የሚለዋወጥ ማለት ነው። ከካይሮ ተነሥቶ ወደ ኬፕታውን የሚወርድ ሞተረኛ በመተማ ሲገባ የቆላው ሐሩር ይቀበለዋል፤ ጎንደር ሲወጣ ደጋው ያቀዘቅዘዋል፤ ከደጀን ወደ ዐባይ በረሃ ሲወርድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ይሻገርና ያንኑ ያህል ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። እንግሊዛዊው ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1977 በ500 ሲሲ ትራያምፍ ዓለምን ሲዞር በሱዳንና በኢትዮጵያ አልፎ ነው ወደ ኬንያ የወረደው። አገሩም አየሩም መንገዱም ይለዋወጣል፤ ከነጂው በታች ያለው መቀመጫ ግን ያው አንዱ ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀን አየርና ለአንድ ዓይነት መንገድ ብቻ የተስማማ መቀመጫ ለሩቅ መንገድ ተስማማ አይባልም።

አንድም ሩቅ ማለት አስፋልቱ ካለቀበት ወዲያ ያለው ማለት ነው። ታሪክ፦ እ.ኤ.አ. በ1980 ቢኤምደብልዩ አር 80 ጂ/ኤስ የተባለውን ሞተር አወጣ። ሁለቱ ፊደላት በጀርመንኛ አንዱ ያልተሠራውን መሬት፥ ሌላው የተሠራውን ጎዳና ያመለክታሉ። በማግሥቱ ዓመት ከፓሪስ እስከ ዳካር በተደረገው ውድድር በዚሁ ዘር በሆነ ሞተር ያሸነፈው ፈረንሳዊው ሁበርት ኦሪዮል አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ነው፤ በ1983ም ደገመው። ዛሬ አድቬንቸር እየተባለ የሚጠራው የሞተር ወገን በሙሉ የሁለቱን ፊደላት ሸክም ይሸከማል። አስፋልት ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያስቀምጥ፥ ኮረኮንች ላይ ነጂውን የሚያስነሣ፥ ሁለቱን ተግባር በአንድ ቅርጽ የሚፈጽም መቀመጫ ያስፈልገዋል። የመቀመጫ ምርጫ የሚያስቸግረው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሚወጣ አለ። ነጠላው ፍቺ ከቤቱ የሚወጣ፥ ከአገሩ የሚለይ ነው፤ ይህ ግልጽ ነውና አንቆይበትም።

አንድም በሞተሩ ላይ የሚወጣ ማለት ነው። የእነዚህ ሞተሮች መቀመጫ ከፍ ያለ ስለሆነ መውጣቱ ራሱ ሐተታ ይፈልጋል። የቢኤምደብልዩ አር 1250 ጂኤስ መደበኛ መቀመጫ በሁለት ከፍታ ይገጠማል፤ በ850 እና በ870 ሚሊ ሜትር። የሆንዳው አፍሪካ ትዊን 1000ም እንዲሁ ነው። የያማሃው ቴኔሬ 700 ወደ 875 ይወጣል፤ የሮያል ኤንፊልዱ ሂማሊያን 411 ግን በ800 ሚሊ ሜትር ስለሚቆም አጭሩም ረጅሙም መሬት ይረግጥበታል። ከፍታው ስለምን በዛ ቢሉ፥ ሾኩ ረጅም ርቀት እንዲታመቅ፥ የሞተሩም ሆድ ከድንጋይ እንዲርቅ ነው። አጭር ሰው መሬት ልርገጥ ብሎ ስፖንጁን ሲያስቆርጥ ሁለት ነገር ያጣል። ከአጥንቱ በታች ያለው ስፖንጅ ይሳሳና ሥረኛው ፕላስቲክ ይደርስበታል፤ በመቀመጫውና በእግር ማረፊያው መካከል ያለው ርቀትም ያጥርና ጉልበቱ ይታጠፋል። ቀኑን ሙሉ ታጥፎ የዋለ ጉልበት ሕመሙ ከመቀመጫ ሕመም አይተናነስም። ረጅም ሰው በአንጻሩ መቀመጫው ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲልለት ጉልበቱ ይፈታል፤ ብዙ ጊዜ በመቀመጫው ያማረረው ሰው ያጣው ይህን ከፍታ ሆኖ ይገኛል።

ቤልጅጋዊው ጋስተን ራሂየር ቁመቱ አጭር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 የዳካርን ውድድር ያሸነፈበት ቢኤምደብልዩ ግን ትልቅ የነዳጅ ሳልባትዮ የተሸከመ ግዙፍ ሞተር ስለነበር ተቀምጦ ሁለት እግሩን መሬት ማድረስ አይችልም ነበር። ከዚህ ተነሥተው አንዳንዶች እግር ሙሉ በሙሉ መሬት መርገጡ ግድ አይደለም፥ የአንድ እግር ጣት ከደረሰ ቀሪውን ልምድ ይሞላዋል፥ ስለዚህ ስፖንጅ አይቆረጥ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ራሂየር ሦስት ጊዜ የዓለም የሞቶክሮስ ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፥ ሣጥን ጭኖ በጭቃ ላይ ለሚቆም መንገደኛ ግን መሬት መርገጥ የደኅንነት ነገር ነው፥ ምቾት ከዚያ ይከተላል ይላሉ። ሁለቱም እውነት ይዘዋል። የፊተኛው ፍቺ ሲሄድ ለሚውል ሰው ያደላል፤ የኋለኛው ደጋግሞ ለሚቆም ሰው።

አንድም የሚወጣ ማለት ከመቀመጫው የሚነሣ፥ በእግር ማረፊያው ላይ የሚቆም ማለት ነው። ይህ ፍቺ ለዚህ ሞተር ወገን ብቻ የተሰጠ ነውና ረዘም አድርገን እንየው። ፒስታ መንገድ ሲሸረከት፥ አሸዋ ሲመጣ፥ ወንዝ ሲያጋጥም ነጂው ይቆማል። ክብደቱን ከመቀመጫው አንሥቶ ወደ እግር ማረፊያው ያወርዳል፤ ሞተሩን በጉልበቱ ይይዛል፤ ሞተሩ ከሥሩ ሲዘል እርሱ ከላይ ይረጋል። ለዚህ ሥራ መቀመጫው ከፊት በኩል ጠባብ ሊሆን ይገባዋል። ለተቀመጠ ሰው ግን ሰፊው ይበጀዋል፤ ክብደት በሰፊ ቦታ ሲካፈል ሕመሙ ይቀንሳልና። እንግዲህ ተቀማጩና ቋሚው አንድ ሰው ሆነው ሳለ ሁለት የማይስማማ ነገር ይለምናሉ። በካሊፎርኒያ የሚሠራው ራስል ዴይሎንግ የተባለው መቀመጫ በግራና በቀኝ በወጡ ክንፎቹ የታወቀ ነው፤ ጭንን ጭምር ስለሚሸከም ቀኑን ሙሉ አስፋልት ላይ የሚውል ሰው ያመሰግነዋል። ያው ክንፍ ግን ለሚቆም ሰው እግሩን ያራርቅበታል፤ መሬት ልርገጥ ሲልም ጭኑን ወደ ውጭ ይገፋበታል። ስለዚህ ብዙዎች ከፊት ጠብቦ ከኋላ የሚሰፋውን ቅርጽ ይወዳሉ፤ ሲቆምና መሬት ሲረግጥ በጠባቡ፥ ሲቀመጥ በሰፊው ይገለገላል። እኔ ወደዚህ አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን የጉዞው ዘጠኝ እጅ አስፋልት የሆነለት ሰው ክንፉን ቢመርጥ ተሳሳተ አልልም።

ደግሞም መቆም ራሱ የመቀመጫ ክፍል ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት የሚቆም ሰው የተጨቆነው ሥጋው ደም ያገኛል፤ ላቡም ይነፍስለታል። በቀላሉ የማያስነሣ፥ ነጂውን በጎድጓዳው ውስጥ የሚያሰምጥ መቀመጫ ይህን መድኃኒት ይነሣል።

ከሁሉ አስቀድሞ አለ። ከምን አስቀድሞ ቢሉ፥ ከሣጥኑ፥ ከተጨማሪው መብራት፥ ድምፁ ካማረው ጭስ ማውጫ አስቀድሞ ማለት ነው። ሰው አዲስ ሞተር ሲገዛ ገንዘቡን የሚያፈሰው በሚታየው ነገር ላይ ነው፤ መቀመጫው ግን ሲቀመጡበት አይታይምና ወደ ኋላ ይቀራል።

አንድም ቃሉ ተገልብጦ ይፈታል፤ መቀመጫውን ከማበጀት አስቀድሞ ሌላ የሚታይ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ፍቺ የሚይዙት መካኒኮች ናቸው። ድንጋይ ሲመታ ምቱ በመጀመሪያ ጎማውን ያገኘዋል፥ ቀጥሎ ሾኩን፥ ቀጥሎ ስፖንጁን፥ በመጨረሻ አጥንቱን። የጂኤሱ የኋላ ሾክ 200 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ የመቀመጫው ስፖንጅ ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ነው። ሾኩ ያልዋጠውን ስፖንጅ ይውጠው ማለት ግፍ ነው። ስለዚህ ነጂው ከነልብሱ ከነጭነቱ ይቀመጥና የኋላው ሾክ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ይለካ፤ ከጠቅላላ ርቀቱ ሲሶ ያህል፥ ማለትም ከ60 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ከወረደ የሾኩ ሞላ ተስማማው ይባላል። ከዚያ በላይ ከወረደ ሞተሩ ኋላው ዝቅ ብሎ መሪው ይርቃል፥ ትንሹ ጉድጓድም ሾኩን ጥግ ድረስ ያስመታዋል። ጭራሽ ካልወረደ እያንዳንዱ ጠጠር ወደ ወገብ ይወጣል። የቀድሞ መኳንንት ለጉዞ በቅሎ ይቀመጡ ነበር፤ ፈረሱ ለጦርነት እየተሳበ ይከተል ነበር። ለጉዞም በቅሎ ስትመረጥ አስቀድሞ የሚታየው ኮርቻዋ ሳይሆን አረማመዷ ነበር፤ ሰጋር ካልሆነች ኮርቻው በወርቅ ቢለበጥ መንገዱ አይገፋምና። የሞተሩም ሾክ እንዲሁ ነው።

የጎማ ንፋስም በዚህ ይገባል፤ ግን ነገሩ አጭር ነው፤ ለጭነቱ በተጻፈው ልክ ይሞላ።

መቀመጫውን አለ። ወደ ንባቡ ልብ ደረስን። ነጠላው ፍቺ በሞተሩ ላይ የተገጠመው ዕቃ ነው። ይህም ሦስት ነገር ነው፤ ከታች ቅርጹን የሚይዘው ጠንካራ ፕላስቲክ፥ በመካከል ስፖንጁ፥ በላይ ልብሱ። ሰው ሲገዛ የሚያየው ልብሱን ነው፤ የሚቀመጠው ግን በስፖንጁ ላይ ነው፤ ስፖንጁ ሲያልቅ በፕላስቲኩ ላይ ነው።

ስፖንጁ ከፖሊዩሬቴን የሚሠራ ነው፤ ይህን ነገር እ.ኤ.አ. በ1937 በሌቨርኩዘን ያገኘው ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ባየር ነው። ስለ ስፖንጅ ሁለት ነገር ተለይቶ ይነገራል፤ ክብደቱና ጥንካሬው። ክብደቱ አንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይመዝናል የሚለው ነው፤ ዕድሜውን ይናገራል። ጥንካሬው በተጫኑት መጠን ምን ያህል ይመልሳል የሚለው ነው፤ ስሜቱን ይናገራል። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ከባድ ሆኖ ለስላሳ፥ ቀላል ሆኖ ጠንካራ ስፖንጅ ይገኛል። በሱቅ ቆሞ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ለስላሳ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ጥንካሬውን ብቻ፥ እርሱንም ለአፍታ ነው ያወቀ። ለስላሳ ስፖንጅ አጥንት ባለበት ቦታ ተደፍጥጦ ያልቃል፤ በሱቅ ያስደሰተው ነገር በሦስተኛው ሰዓት የለም። ጠንከር ያለው ግን ጥቂት ሰምጦ ይቆማል፤ ሸክሙንም ከአጥንቱ አልፎ በዙሪያው ላለው ሥጋና ለጭኑ ያካፍላል። በሩቅ መንገድ የሚያሳርፈው መቀመጫ መጀመሪያ ሲቀመጡበት ጠጠር የሚል ሆኖ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

አንድም ሜሞሪ ፎም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ቻርልስ ዮስት ለናሳ የሠራው ስፖንጅ ነው። ገላን ቀስ ብሎ ይቀበላል፥ ቅርጹንም ይይዛል፤ ስለዚህ የሚወዱት አሉ። ነገር ግን በብርድ ይጠጥራል፥ በሙቀት ይላላል፤ ከላይ እንዳልነው ከደጋ ወደ ቆላ ለሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት መቀመጫ ይሆንበታል። ብቻውን ከሚሆን ይልቅ በጠንካራ ስፖንጅ ላይ ስስ ሆኖ ቢደረብ ይሻላል። ጄልም እንዲሁ ነው፤ ግፊትን ያካፍላል፥ ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ የዋለ ጄል ሙቀቱን ይዞ ይቆያል፤ ቀትር ላይ መተማ ቆሞ ለተነሣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድም መቀመጫው ማለት የሰውዬው ገላ ነው፤ በቋንቋችን ሁለቱ በአንድ ስም ይጠራሉና። ከፍቺዎቹ ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ሰው ሲቀመጥ የላይ አካሉን ሸክም የሚቀበሉት ሁለት አጥንቶች ናቸው፤ ከዳሌ በታች በግራና በቀኝ ተንጠልጥለው የሚገኙ፥ ጫፋቸው ክብ የሆነ። በብዙ ሰው ላይ እርስ በርሳቸው ከ100 እስከ 140 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፤ በሴቶች ብዙ ጊዜ ሰፋ ይላሉ። ልኩን ለማወቅ የወፍራም ካርቶን ቁራጭ ይበቃል። ካርቶኑን ጠንካራ አግዳሚ ላይ አንጥፎ፥ ጉልበትን ጥቂት ከፍ አድርጎ፥ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ አንድ ደቂቃ መቀመጥ ነው። ሲነሡ ሁለት ስርጉዶች ታትመው ይገኛሉ፤ በጣት ዳሰስ አድርጎ መካከላቸውን ማግኘት፥ በእርሳስ ምልክት ማድረግ፥ ከዚያ በማስመሪያ መለካት። መቀመጫ ሲመረጥ እነዚህ ሁለት ነጥቦች ሁለቱም በጠፍጣፋው ላይ ማረፍ አለባቸው። አንዱ እንኳ በሚያዘቀዝቀው ጠርዝ ላይ ከወደቀ ሥጋው ወደ ውጭ ይጎተታል፤ ሰፊ መስሎ የሚታይ መቀመጫ ጀርባው እንደ ጣሪያ ሁለት ወገን የወረደ ከሆነ ለአጥንቱ ጠባብ ነው።

ሕመሙ ከየት ይመጣል ቢሉ፥ በአጥንቱና በስፖንጁ መካከል ያለው ሥጋ ሲጨቆን የቀጫጭን ደም ሥሮች በር ይዘጋል። ሐኪሞች ለእነዚህ ሥሮች 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ግፊትን እንደ መነሻ ይጠቅሳሉ፤ የተቀመጠ ሰው አጥንት ሥር ያለው ግፊት ይህን ያልፋል። ደም ያጣ ሥጋ መጀመሪያ ይሞቃል፥ ቀጥሎ ይቃጠላል፥ ቀጥሎ ይደነዝዛል። ነጂው ወደ ግራ ወደ ቀኝ መቁነጥነጥ ሲጀምር ሰውነቱ ደም እየለመነ ነው። የጅራት አጥንቱ የሚያመው ሰው ደግሞ ከኋላ በመካከል የተቦረቦረ መቀመጫ ያሳርፈዋል። ልብስም እዚህ ይገባል፤ የጂንስ ሱሪ ወፍራም ስፌት በአጥንቱ ሥር ከዋለ ምንም ዓይነት ስፖንጅ አያድነውም። ስፌት አልባ የውስጥ ሱሪ መልበስ ከመቀመጫ መቀየር የረከሰ መድኃኒት ነውና ከእርሱ ይጀመር።

አንድም መቀመጫ ማለት አቀማመጥ ነው። ብዙ ሞተር ከፋብሪካው ሲወጣ መቀመጫው ወደ ሳልባትዮው ያዘነበለ ነው። በሜዳ ብዙ አይታወቅም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ድልድይ ሲወርዱ ግን ይታወቃል፤ መንገዱ ቁልቁል ነው፥ ፍሬኑ ደጋግሞ ይያዛል፥ ገላው ወደ ፊት ይንሸራተታል፥ ነጂው በእጁ መሪውን እየገፋ ራሱን ወደ ኋላ ይመልሳል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ የሚያመው አንጓውና ትከሻው ነው፤ በደሉ ግን የመቀመጫው ነው። የመቀመጫውን ፊት ጥቂት ከፍ ማድረግ፥ አንዳንድ ጊዜ ከሥሩ ባለው ጎማ ላይ ውፍረት መጨመር ብቻ ይህን ያስተካክላል። እጅግ ከፍ ከተደረገ ግን ዳሌው ወደ ኋላ ይወድቅና ወገብ ይጎብጣል።

ስለ ጎድጓዳና ስለ ጠፍጣፋ መቀመጫ ሁለት ወገን አለ። ጎድጓዳው ዳሌውን ከኋላ ይደግፋል፥ ሞተሩ ሲፈተለክ ነጂውን ይይዛል፤ ነገር ግን ከአንድ ቦታ አያንቀሳቅስም። ጠፍጣፋው አያቅፍም፤ ነገር ግን ወደ ፊት ወደ ኋላ ያስኬዳል፥ የደከመውን ቦታ ያሳርፋል፥ ለመነሣትም ያመቻል። በአስፋልት ብቻ የሚሄድ የፊተኛውን፥ ፒስታ የሚቀላቅል የኋለኛውን ቢይዝ ሁለቱም በንባቡ ውስጥ ናቸው።

ያብጅ አለ። አንድም ገዝቶ ያብጅ ማለት ነው። በአሜሪካ ኮርቢንና ሳርጀንት፥ በጀርመን ቱራቴክና ቩንደርሊሽ፥ በፈረንሳይ ባግስተር የተዘጋጀ መቀመጫ ይሸጣሉ፤ ዋጋው በብዙ መቶ ዶላር የሚቆጠር ነው። ነጂው ቁመቱን፥ ክብደቱን፥ የእግሩን ርዝመት፥ አንዳንዴም በሞተሩ ላይ ተቀምጦ የተነሣውን ፎቶግራፍ ልኮ በልኩ የሚያሠራበትም አለ። በአይዳሆ ያለው ሲት ኮንሴፕትስ ደግሞ ስፖንጁንና ልብሱን ለብቻው አድርጎም ይሸጣል፤ ያን ጊዜ ሥረኛው ፕላስቲክ የራሱ የሞተሩ ይሆናል።

አንድም ያለውን አፍርሶ ያብጅ ማለት ነው። ይህ ሥራ በካሊፎርኒያም ሆነ በመርካቶ የመኪና ወንበር በሚያለብሱ ባለሙያዎች ዘንድ ጠባዩ አንድ ነው። ባለሙያው መቀመጫውን ገልብጦ ልብሱን የያዙትን ስቴፕሎች በቀጭን ካቻቪቴ አንድ በአንድ ያነሣል። ልብሱ ሲገፈፍ ስፖንጁ ምስክርነቱን ይሰጣል፤ አጥንት የተቀመጠባቸው ሁለት ቦታዎች ተልመው፥ ጠርዙ በላብ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ባለቤቱ በራቁቱ ስፖንጅ ላይ እንዲቀመጥ ይደረግና ነጥቦቹ በጠመኔ ይከበባሉ። የሞተው ስፖንጅ በረጅም ቢላዋ ተቆርጦ ይወጣል፤ በቦታው ጠንካራው በማስቲሽ ይለጠፋል፤ ጠርዙ በአሸዋ ወረቀት እስኪለሰልስ ይፋቃል፤ በላዩ አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ለስለስ ያለ ይደረባል። እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ልብሱ ሳይገጠም ባለቤቱ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ፥ ጓንቱንና ጫማውን አድርጎ፥ መሪውን ይዞ ይቆይ፤ የሚቆረጠው ይቆረጥ። ልብሱ ከተሰፋ በኋላ የተገኘ ጥፋት ሥራውን እንደገና ያስጀምራል። ልብሱ ሲወጠር ከመካከል ወደ ጫፍ ነው፤ ስፌቱ ከአጥንቱ ነጥቦች ይራቅ፤ ውሃ በስፌት ቀዳዳ ገብቶ ስፖንጁን እንዳያረጥብ ከሥሩ ስስ ፕላስቲክ ይነጠፍ። የልብሱ ዓይነት ቪኒል ቢሆን ዝናብ ይችላል፥ ግን ላብ ያቆማል፤ ቆዳ ቢሆን ይተነፍሳል፥ ከገላም ጋር ይላመዳል፥ ግን ቅባት ካላገኘ ይሰነጠቃል።

አንድም በላዩ ደርቦ ያብጅ ማለት ነው። ኤርሆክ የሚባል በንፋስ የሚሞላ ትራስ አለ፤ መነሻው በዊልቸር ላይ የሚውሉ ሰዎች ቁስል እንዳያወጡ የተሠራው ትራስ ነው። ይህን የሚገዙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይሳታሉ፤ ሲሞላ ይመቻል ብለው ይነፉታል፤ ኳስ ላይ እንደተቀመጠ ሰውም ይዋልላሉ። ከሥሩ ያለው መቀመጫ ሊነካ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪቀር ንፋሱ ሲተነፍስ ነው ሥራውን የሚሠራው። ሌሎች የበግ አጎዛ ያነጥፋሉ። በሕክምና ቤትም የተኙ ሰዎች ገላ እንዳይቆስል አጎዛ ይነጠፋል፤ ጠጕሩ አየር ይይዛል፥ ላብ ይመጥጣል፥ ቆዳ ከቆዳ እንዳይፋተግ ያደርጋል። አያቶቻችን በአጎዛ ላይ ሲቀመጡ ያገኙትን የአላስካ ሞተረኞችም አግኝተውታል። ዝናብ ላይ ግን ውሃ ይጠጣል፤ ሲቆም ይነሣ ወይም ይሸፈን።

አንድም በጊዜ ያብጅ ማለት ነው። ጠንካራ ስፖንጅና ቆዳ ያለው መቀመጫ በመጀመሪያው ቀን አይፈረድበትም፤ ከገላ ጋር ለመላመድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ረጅም ጉዞ ሊነሣ ሳምንት ሲቀረው መቀመጫ የሚያሠራ ሰው ሥራውን አረፈደ። ሁለትና ሦስት ወር አስቀድሞ ያሠራ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሦስት ሰዓት በላይ እየሄደ ይፈትነው፤ ሕመሙ የቱ ጋ፥ በስንተኛው ሰዓት እንደጀመረው ጽፎ ይያዝ። በመጀመሪያው ሰዓት የመጣ ሕመም ከቅርጹ ነው፤ በሦስተኛው የመጣ ብዙ ጊዜ ከስፖንጁ ነው፤ ጉልበት ከሆነ ከከፍታው፥ አንጓ ከሆነ ከዝንባሌው ይጠርጠር።

አንድም መቀመጫውን ያብጅ ሲል የኋለኛውን ሰው መቀመጫ ጭምር ነው። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው መሪ አይዝም፥ ጉድጓዱን አስቀድሞ አያይም፥ ሲሻውም ተነሥቶ አይቆምም፤ ስለዚህ ከነጂው ይልቅ ስፖንጅ ይገባዋል። መቀመጫው ሰፋ ያለና ጠፍጣፋ ይሁን፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ነጂው ጀርባ እንዳይንሸራተት ፊቱ ቀና ይበል፤ ከኋላ ሣጥን ካለ መደገፊያ ይገጠምለት። ሁለት ሰው ሲቀመጥ የሾኩ ሞላ ይጥበቅ፤ ልኩም ሁለቱም ከነጭነታቸው ተቀምጠው ይወሰድ።